ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ሌላ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ኢጓና ለማሳደግ የቀረበ ጥያቄ

ስጦታው ነጻ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የውጭ ዜጋ በሾፌርነት የሚሠራ ሰው፣ አሠሪው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ለመመለስ ሲሰናዳ ቤት ውስጥ ያሳደገውን አረንጓዴ ኢጓና የተባለ ትልቅ እንሽላሊት የሚረከበው ሰው እንደሚፈልግ ሰማ። የሾፌሩ እህት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ትኖራለች። የእሷ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ የእንሽላሊትና የእባብ ቪዲዮ ሲያይ የሚያመሽ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። አጎት አጎት ነውና «ላንተ አስይዤልሃለሁ» አለው።

እንስሳው ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ወንድ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ጭራ ነው። የመስታወት ሣጥኑ፣ አምፖሎቹና የሚወጣበት ግንድ አብረው ይሰጣሉ። የሚጠበቀው እሺ ወይም አይሆንም ማለት ብቻ ነው፤ እሱም ሰውየው ከአገር ከመውጣቱ በፊት።

እኔ የተጠራሁት በላሞቹ ምክንያት ነው። እናትየው ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የወተት ላሞች አሏቸው፤ ሲታመሙ የማየው እኔ ነኝ። «ዶክተር፣ እርስዎ ይሁን ካሉ ይሁን፣ ይቅር ካሉም ይቅር፤ እኔ ከዚህ ልጅ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል» አሉኝ በስልክ። ቤቱ ውስጥ ከእናትና ከልጁ በተጨማሪ የሦስት ዓመት ሴት ልጅና ሰባውን ያለፉ አያት አሉ። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ስለመጣልኝ።

የልጁ ክርክር

ልጁ ባዶ እጁን አልጠበቀኝም። ደብተር ላይ ጽፎ ነው የተቀመጠው። ኢጓና ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ብራዚል ባለው ሞቃት አገር፣ በወንዝ ዳር ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ባሕር ዳርም ሞቃት ናት፣ ውሃ አላት፣ ዛፍ አላት። ሥጋ አይበላም፤ ቅጠልና ፍራፍሬ ደግሞ ገበያው ሞልቶታል። ድምፅ የለውም፣ እንደ ውሻ አይጮህም። ሣጥኑም ተገዝቷል። አያትየው በመካከል ገብተው «ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማይነካ ከሆነማ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው፤ ከእናንተ ይሻላል» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። በነገራችን ላይ እውነታቸውን ነው። ኢጓና ሕይወቱን በሙሉ ቅጠል በል ነው፤ የውሻ ምግብና እንቁላል የሚሰጡት ሰዎች ኩላሊቱን ነው የሚጎዱት።

ክርክሩ ከግማሽ በላይ ትክክል ነበር። ቀኑን ብቻ ካየን ባሕር ዳር ለኢጓና ከብዙ የዓለም ከተሞች ትሻላለች። ኢጓና በቆዳው ላይ ቀጥታ የሚያርፍ አልትራቫዮሌት ጨረር ይፈልጋል፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በእሱ ነው፣ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የበላውን ካልሲየም ወደ አጥንቱ ማድረስ አይችልም። አውሮፓ ያለ አሳዳጊ ይህን ጨረር የሚያገኘው ከውድ አምፖል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ባሕር ዳር ግን ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ በሽቦ የታጠረ በረንዳ ላይ ጥቂት ሰዓት መዋል ከማንኛውም አምፖል ይበልጣል። ጥላ የሚገባበት ቦታ ማዘጋጀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ምግቡም እንዲሁ። ጎመን፣ የስኳር ድንች ቅጠል፣ ዱባ፣ ትንሽ ፓፓያና ማንጎ፣ የሚገኝ ከሆነ የሽፈራው ቅጠል፤ ከዚህ የተሻለ ማዕድ ማዘጋጀት ይከብዳል። ቆስጣ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ነው። አቮካዶ ጭራሽ አይሰጥም።

እንግዲህ በዚህ ብቻ ቢሆን እሺ ባልኩ ነበር።

ቴርሞሜትሩ

ደግነቱ ጥያቄው የመጣው በኅዳር መጨረሻ ነው። በሚያዝያ ቢመጣ ኖሮ ስለ ሌሊት የሚያስብ ሰው አይኖርም ነበር። የባሕር ዳር እንግዳ ሁሉ ከተማዋን የሚያስታውሳት በዘንባባዋና በሙቀቷ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ደንገል የሚያጭድ ሰው ግን ጋቢውን እስከ ጆሮው ነው የሚጠቀልለው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር የንጋቱ ሙቀት ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል።

ለልጁ ይህን ማስረዳት አልፈለግሁም፤ ራሱ እንዲያየው ነው የፈለግሁት። ለክትባት ማቀዝቀዣ የምንጠቀምበትን፣ የዕለቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር አዋስኩት። ሣጥኑ ይቀመጥበታል በተባለው የሳሎን ጥግ እንዲሰቅለው፣ ጠዋት ጠዋት እንዲጽፍ፣ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትንም ሰዓት ከጎኑ እንዲመዘግብ ነገርኩት።

መዝገቡን በሂሳብ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ነው የያዘው። በእስክሪብቶ የተሠመሩ አራት ዓምዶች፦ ቀን፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ መብራት። ቀን ላይ ሳሎኑ 25 እና 26 ዲግሪ ይደርሳል። ንጋት ላይ ግን 15 የሚበዛው ቁጥር ነው፤ አንድ ቀን 13 አለ፣ እሱን ሁለቴ አክብቦበታል። በመብራት ዓምድ ላይ «ጠፋ» የሚለው ቃል በየጥቂት ቀኑ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ የዘለቀ ነው፤ ያቺ ሌሊት 13 የተጻፈባት ሌሊት ናት። ከላይ ጀምሮ በጥሩ ጽሕፈት የተጻፈው ገጽ ወደ ታች ሲወርድ እየተጣደፈ ይሄዳል። ልጁ ወዴት እንደሚያመራ ገብቶት ነበር መሰለኝ።

ለኢጓና የሚመከረው የሌሊት ሙቀት ከ22 እስከ 24 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ነው። ቀን ላይ ደግሞ የሚሞቅበት ቦታ ወደ 35 ዲግሪ መድረስ አለበት። ነገሩ ብርድ የመቻልና ያለመቻል ብቻ አይደለም። ኢጓና የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ የበላውን ቅጠል የሚፈጩለት ደግሞ በትልቁ አንጀቱ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱም የሚሠሩት ሰውነቱ ሲሞቅ ነው። ሲበርደው ቅጠሉ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆያል፤ እንስሳው ይበላል እንጂ አይጠቀምም። አንድ ሁለት ሌሊት ቢበርደው ቀን ላይ በፀሐይ ያካክሳል። ሦስት ወር ሲደጋገምበት ግን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ ሳንባው ይታመማል። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ድንገተኛ ብርድ ሲመጣና ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲጠጋ ኢጓናዎች ደንዝዘው ከዛፍ ሲወድቁ የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች ልጁ አይቷቸዋል። የባሕር ዳር ብርድ ከዛፍ አይጥልም። ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ለአሳዳጊው የሚከፋውም ይኸኛው ነው፣ በሽታው ሲታይ ብዙ ጊዜ ረፍዷልና።

ስለዚህ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ቀን ላይ 150 ዋት የሚሞቅ አምፖልና አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ ዘንግ አምፖል፣ ሌሊት ደግሞ ብርሃን የሌለው 150 ዋት የሸክላ ማሞቂያ ብንል በቀን ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ለእናትየው እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳቸው፦ የእንጀራውን የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቀኑ፣ በዓልም ይሁን ጾም፣ አንድ ሰዓት እንደ ማብራት ነው። እሳቸው ጣታቸውን እየቆጠሩ ወሩን አሰሉና ዝም አሉ። ይህ ደግሞ አሁን ላለው ሣጥን ነው። ሲያድግ 1 ሜትር ተኩል የሚያልፍ፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ የሰው ቁመት ያህል ከፍታ ያለው፣ ክፍል ሊባል የሚችል ቤት ይፈልጋል። ያን ሙሉ ክፍል ማሞቅ ሌላ ሒሳብ ነው።

አያትየው ከሰል እናቀጣጥልለት አሉ። በተዘጋ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ከሰል ማለት ከኢጓናው አስቀድሞ ሰው የሚገድል ነገር ነው፤ እሱን በአንድ ቃል አልፈነው ሄድን።

ከቪዲዮው ላይ የታየው

አጎትየው የላካቸው ፎቶዎች ሁሉም ከላይ የተነሱ፣ አረንጓዴው የሚያምርባቸው ነበሩ። ከጎን ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮና የመንጋጋው ፎቶ እንዲልክልን ጠየቅሁ። ሲደርሰን ልጁ ተደሰተ። «ጭኑን አዩት ዶክተር? ምግቡ ተስማምቶታል!» አለኝ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የኋላ ጭኖቹ ድብልብል ብለዋል፤ ክንዶቹ ግን ቀጫጭን ናቸው። የጠገበ እንስሳ እንዲህ አይወፍርም። የታችኛው መንጋጋ በሁለቱም በኩል አብጦ ክብ ሆኗል፣ አፉም በደንብ አይገጥምም። ሲራመድ ሆዱን ከመሬት አላነሳም፤ እየጎተተ ነው የሄደው። ግንዱ ላይ ለመውጣት እግሩን ሲዘረጋ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ በተሳቢዎች ዘንድ የታወቀ የአጥንት በሽታ ነው። ደሙ ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ሰውነቱ ከአጥንት እየቀዳ ይጠቀማል፤ የሳሳውን አጥንት ለመደገፍ በምትኩ ጅማት መሰል ሥጋ ያድግበታል። ጭኑ የሞላው በእሱ ነው።

መንስኤውን ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አላስፈለገም። የጨረሩ አምፖል ከተገዛ ጀምሮ አልተለወጠም። እነዚህ አምፖሎች ብርሃናቸው እያለ ጨረራቸው ያልቃል፤ ብዙዎቹ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ አለባቸው። ሣጥኑ መስኮት ሥር ነው የተቀመጠው፣ ፀሐይ ይገባል ተብሎ፤ የመስኮት መስታወት ግን ያንኑ የሚፈለገውን ጨረር አያሳልፍም። ምግቡ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ሙዝ ነው። ሰውየው እንስሳውን የሚጠላ ሰው አይደለም፤ በየቀኑ በእጁ ያበላው እንደነበር ሾፌሩ ነግሮናል።

ይህ ለቤተሰቡ ምን ማለት ነው? ነጻ የተባለው ስጦታ ከሕክምና ዕዳ ጋር ነው የሚመጣው። በሽታው ሊቆም ይችላል፣ የተጣመመው አጥንት ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ራጅ ያስፈልጋል፣ የካልሲየም መጠን በጥንቃቄ መወሰን አለበት፣ ክትትሉ ወራት ይወስዳል። እኔ በላም ማለብ ላይ ስለሚመጣ የጡት በሽታ ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ በኢጓና ላይ ግን ያለኝ ዕውቀት ከመጽሐፍ ነው። ቅዳሜ ማታ እንቁላል እንደያዛት ዶሮ ጠርተው የሚያሳዩት እንስሳ አይደለም።

ሌሎቹ ነገሮች

ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ብዙ ኢጓናዎች ጤነኛ መስለው አንጀታቸው ውስጥ ይዘውት ይኖራሉ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሰውነታቸው ለደከመ ሰዎች አደገኛ ነው። የሦስት ዓመቷ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስድበት ዕድሜ ላይ ናት። ኢጓና ደግሞ ውሃ ውስጥ መጸዳዳት ይወዳል፤ ገንዳው በየቀኑ ይታጠባል፣ ያውም ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ ሳይሆን ለብቻው። ውሃ በሳምንት ተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚያደርግ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ «እኔ» አለ። እናቱ አልተቃወሙትም፤ ብቻ አዩት።

ጠባዩም አለ። ወንዱ ኢጓና ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ በዚህኛው ዕድሜ አካባቢ ማለት ነው፣ በመራቢያ ወቅቱ ቆዳው ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ ትናንት ትከሻ ላይ ይቀመጥ የነበረው እንስሳ ለሳምንታት ሊናከስ ይችላል። ጥርሱ ትንሽ ቢሆንም እንደ መጋዝ የሳለ ነው፤ ጭራውም ይገርፋል።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ነው። አረንጓዴ ኢጓና እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ድንበር ሲያልፍ የላኪው አገር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። አገር ውስጥ ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ሰውየው ወረቀት ሲጠየቅ ያሳየው የመደብር ደረሰኝ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ ከአዲስ አበባ እንዳታንቀሳቅሱት አልኳቸው። ይህ ብቻውን ነገሩን ለማቆም በቂ ነበር፤ ልጁን ግን በወረቀት ብቻ መመለስ አልፈለግሁም፣ ወረቀት ቢሟላስ ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

ጎረቤት ደግሞ ወሬውን ሰምቷል። «አርጃኖ ሊያመጡ ነው» ተባለ፤ ዶሮ ያላቸው ሴትዮ ቅሬታ ይዘው መጡ። ሐይቁ ዳር ያለው አርጃኖ ሥጋ በል ነው፣ እንቁላልና ጫጩት ይበላል፣ ምላሱም እንደ እባብ የተሰነጠቀ ነው። ኢጓና ከእሱ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም ቢባሉም ሴትዮዋ አልተዋጠላቸውም።

ከሁሉም ያስቆጣኝ የአጎትየው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በስልክ ስናወራ፣ በቀላሉ፣ «ካቃታቸው ጣና ዳር ይለቁታል፤ ቅጠል ሞልቶ የለ?» አለኝ። ይህን የሚል ሰው ብቻውን አይደለም። ፍሎሪዳን ኢጓና የወረራት አንድም ሰዎች የሰለቻቸውን እንስሳ ስለለቀቁ ነው፤ ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢጓናን ከተከለከሉ እንስሳት ተርታ አስገብታዋለች። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በግራንድ ኬይማን ደሴት እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረ የማጥፋት ዘመቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢጓና ተገድሏል። ለባሕር ዳር ሰው ግን ይህን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልግም። እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጅም በማሽንም ያልተነቀለበት ዓመት የለም። እውነቱን ለመናገር አንድ ብቸኛ ወንድ ኢጓና ጣናን አይወርም፤ አይራባም። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ነው የሚጨርሰው። መልቀቅ የሚባለው እዚህ ላይ ማረድ ከማለት የሚለየው ጊዜ በመውሰዱ ብቻ ነው ብዬ ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እንደሱ አላሰብኩትም» አለ።

ውሳኔው

ውሳኔው የተሰጠው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ላይ ነው። እኔ ይቅር አላልኩም። የልጁን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እናትየው ሁለት ነገር ጠየቁት። አንደኛው «መብራት በጠፋባት በዚያች ሌሊት ምን ታደርግ ነበር?» የሚል ነው። ልጁ «ባትሪና ኢንቨርተር» ብሎ መለሰ፤ ዋጋውን አጣርቶ ነበር፣ የሁለት ዓመት ቁጠባው አይሸፍነውም። ሁለተኛው ጥያቄ «በደንብ የተያዘ ኢጓና ስንት ዓመት ይኖራል?» የሚል ነው። ከ15 እስከ 20። «አንተ የዛሬ ዓመት ተኩል ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ። ጅማ ይድረስህ ድሬዳዋ፣ መንግሥት ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ የኢጓናው እናት እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉት።

ልጁ አለቀሰ ማለት አልችልም፤ ተነስቶ ወጣ። ማታ ለአጎቱ የደወለው ግን ራሱ ነው።

በእኔ ግምት ይህ ቤተሰብ ሁለት ነገር ቢለወጥለት መልሱ ሊለወጥ ይችል ነበር፦ ሌሊቱን የሚያስተማምን ኃይል ቢኖርና ሕፃኗ ከፍ ብትል። የልጁ ፍቅር፣ የምግቡ ነገር፣ የበረንዳው ፀሐይ ችግር አልነበሩም። ጅጅጋ ወይም ሌላ ቦታ ስላለ ሰው ብጠየቅም መጀመሪያ የምጠይቀው የንጋቱን ሙቀትና የመብራቱን ነገር ነው።

ለእንስሳው የቀረው ሥራ በአጎትየው በኩል ተሠራ። አምፖሉ እንዲለወጥ፣ ሣጥኑ ከመስኮቱ እንዲነሳና ቀን ላይ በረንዳ በጥበቃ እንዲውል፣ ሰላጣውና ሙዙ በጎመንና በዱባ እንዲተካ፣ ቢሾፍቱ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ወስደው እንዲያስመረምሩት ጻፍኩላቸው። ሰውየው ጉዞውን አራዝሞ ወሰደው። አጥንቱ ሳስቶ ተገኘ፤ ስብራት ግን የለም። በየካቲት የተላከልን ቪዲዮ ላይ የጣቶቹ መንቀጥቀጥ ቆሟል፤ ሲራመድም ሆዱን ከወለሉ ያነሳል። መንጋጋው እንዳበጠ ነው፣ ወደፊትም እንዲሁ ይቀራል። ሰውየው ከአገር ይዞት ለመውጣት ወረቀቱን እያስጨረሰ ነው።